በሺአ በተሩ ውስጥ የተገኘው «አሸዋ»

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ቅባት በምታሽግ አንዲት ትንሽ ቤት ነው። ሥራችን ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ሺአ በተር፣ ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ስብ፣ ከጋና በ25 ኪሎ ካርቶን ይመጣል። እናቀልጠዋለን፣ እናጣራዋለን፣ በትንንሽ ብልቃጥ እየሞላን ለፀጉር ቤቶችና ለኮስሞቲክስ ሱቆች እናከፋፍላለን። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ቆጣ ይላሉ እንጂ ሰው አይጎዱም፤ ቢያንስ እስከዚያ ሳምንት ድረስ የማስበው እንደዚያ ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው። የቆየች ደንበኛችን፣ የፀጉር ቤት ባለቤት፣ ፌስታል ሙሉ ብልቃጥ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው።

«አሸዋ መሸጥ ጀመራችሁ እንዴ?»

አንዱን ከፍታ በጣቷ ዛቅ አደረገችና እጄ ላይ አሳረፈችው። ላዩ ሲያዩት ልስልስ ያለ ነው። በጣት ሲታሽ ግን ፍሬ ፍሬ ይላል፤ አንዳንዱ ጤፍ፣ አንዳንዱ ሰሊጥ ያክላል።

«ሴቶቹን ስቀባቸው ይሄ ምንድነው እያሉኝ ነው። ስኳር ነው? ሰሞሊና ነው? ንገሩኝ፣ እኔም ልወቀው።»

አልፈረድኩባትም። ቅቤ በሙዝ፣ በርበሬ በሸክላ ተቀላቅሎ ሲሸጥ የሰማ ሰው መጠርጠሩ አይገርምም። ብልቃጦቹን ተቀብለን ገንዘቧን መለስንላት።

እትዬ ደንበኛዋ እንደወጣች ዞር ያሉት ብልቃጥ ወደምትሞላው ልጅ ነው። ልጅቷ ሥራ ከጀመረች ብዙም አልቆየች።

«የሞላሽው አንቺ ነሽ። ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም እትዬ፣ እግዜር ምስክሬ ነው።»

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣትም። እትዬ ደግሞ በራሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ታሪኩን ጨርሰውታል። ልጅቷ ከካርቶኑ ቀንሳ ለውጭ ሸጣለች፣ የጎደለውን በሰሞሊና ሞልታለች። በቃ። የተመለሰው ሁሉ ከደሞዟ ይቆረጣል አሉ። ማንን ጠይቀው፣ ምን አይተው እንደፈረዱ እንጃ። ሰሞሊና ቢሆንማ ስናቀልጠው ማጣሪያው ላይ ይቀር ነበር፤ ይህን ለማሰብ ግን ትንሽ መረጋጋት ይጠይቃል።

ግርግሩን ሰምቶ የገባው ዕቃ የሚያወርደው ባልደረባችን ነው። ያደገው ጋምቤላ ነው። የሺአ ዛፍ የሚበቅለው ከሴኔጋል ጀምሮ ከሳሕል በታች ወደ ምሥራቅ በተዘረጋው ሣራማ አገር ነው። በደቡብ ሱዳንና በሰሜን ኡጋንዳ አለ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ጋምቤላ ላይ ይገኛል። ለእኛ ከውጭ የመጣ ዕቃ የሆነው ነገር ለእሱ የልጅነት ዘይት ነው።

ብልቃጡን አነሳ። በጣቱ ቆንጠር አደረገና አፉ ውስጥ ከተተው።

«ኧረ አንተ ልጅ!» አሉ እትዬ።

እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥማል። «ስኳር ቢሆን ይጣፍጠኝ ነበር። አሸዋ ቢሆን ጥርሴ ላይ ይንኮሻኮሽ ነበር። ሰሞሊና ቢሆን ምላሴ ላይ ይቀር ነበር። ምንም የለም እትዬ፣ ቀለጠ።» ከዚያ ፊታቸውን አየና «እኛ ጋ እኮ ይበላል» አለ።

እውነቱን ነው። በምዕራብ አፍሪካም ወጥ ይሠራበታል። የአውሮፓ ኅብረት ራሱ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቸኮሌት መመሪያ ከካካዋ ቅቤ ሌላ እስከ 5 በመቶ ድረስ እንዲገቡ ከፈቀዳቸው ስድስት የዕፅዋት ስቦች አንዱ ሺአ ነው። ብዙዎቻችን ሳናውቀው በልተነዋል ማለት ነው።

እኔ እንኳ ለመብላት አልደፈርኩም። ፍሬዎቹን መዳፌ ላይ አድርጌ በአውራ ጣቴ አሸት አሸት አደረግኳቸው። መጀመሪያ ይቆረቁራሉ። ትንሽ ቆይቶ ይለዝባሉ፣ ከዚያ ዘይት ሆነው ይጠፋሉ። ባዕድ ነገር ቢሆን እጄ ላይ ይቀር ነበር። እትዬንም እጃቸውን ይዤ አስሞከርኳቸው። ዝም አሉ። ማመን ግን አላመኑም፤ «ታዲያ ያምና ለምን እንዲህ አላለም?» አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር።

አስመጪው ጋ ደወልን። ሰውየው ብዙም አልተጨነቀ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «ስታቀልጡ መብራት ጠፍቶባችሁ ነበር?»

ልጅቷ ቀና አለች። ጠፍቶ ነበር። ሺአ በተሩ ቀልጦ፣ ተጣርቶ፣ ግማሹ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ነበር መብራቱ የሄደው። የተሞላውን የምናቀዘቅዝበት ፍሪጅም ቆመ። እሷ ድስት ውስጥ የቀረው ሳይሞላ እንዳይረጋባት ፈርታ ክዳኑን ገጥማ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። የተሞሉትንም ብልቃጦች ሰብስባ እዚያው ሥር ሸጎጠቻቸው። መብራት የመጣው ማታ ነው። ድስቱ ውስጥ ያለው ገና ለብ ያለ፣ ወፈር ወፈር ያለ ነበርና እንደምንም እያማሰለች ሞላችው። እንዳይበላሽ ብላ የለፋችበት ነገር ነው ሌባ ያስባላት።

አስመጪው እንዳስረዳን ሺአ በተር አንድ ወጥ ስብ አይደለም። ቶሎ የሚጠጥር ክፍል አለው፤ ሙቀቱ በደንብ ዝቅ እስኪል ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ ክፍልም አለው። በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ሁሉም አንድ ላይ ይረጋል፣ ልስልስ ይላል። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግን ጠጣሩ ክፍል ቀድሞ እየተሰባሰበ ፍሬ ይሠራል። ማር በብርድ ሰሞን ፍሬ ሲይዝ «ስኳር ገብቶበታል» እንደሚባለው ነው። ጥራቱ አልተነካም። መልኩ ነው የተለወጠው።

የጋምቤላው ባልደረባችንም በፍሬዎቹ ግራ ተጋብቶ ነበር። የምሥራቁ የሺአ ዓይነት ፈሳሽ የሚሆነው ስብ ይበዛበታልና ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ለስላሳ ነው። ቆላ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። «እኛ ጋ መቼ እንዲህ ይደርቃል፣ እንደ ዘይት ነው የምናውቀው» ይል ነበር።

እትዬ ወሬ ብቻ ሰምተው የሚረቱ ሴት አይደሉም። ስለዚህ ከተመለሰው ላይ ወስደን እንደገና አቀለጥን። አስመጪው ቀለጠ ብላችሁ ቶሎ አታውጡት ብሎን ነበር፤ ያልቀለጠች ቅንጣት ከቀረች ሲቀዘቅዝ ሌላውን ፍሬ የምትጠራው እሷ ናት። 75 ዲግሪ አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያህል አቆየነው። ግማሹን ሞልተን ወዲያው ፍሪጅ ከተትን። ግማሹን ደግሞ እንደዚያን ቀን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አሳደርን። ጠዋት እትዬ ራሳቸው ከፈቱት። የፍሪጁ ልስልስ ያለ ነው። የብርድ ልብሱ ፍሬ ፍሬ ብሏል። ከአንድ ድስት የወጣ ነው።

ይቅርታ የሚባል ነገር አልሰማሁም። በወሩ መጨረሻ ግን የልጅቷ ደሞዝ ሳይነካ ተከፈለ። እኔ ብሆን በሰው ፊት የተባለ ነገር በሰው ፊት ቢመለስ ደስ ይለኝ ነበር።

ለፀጉር ቤቷ ባለቤት እንደገና የቀለጠውን ይዘን ሄድን። መዳፏ ላይ አስሞከርናት፣ ሳቀች። ነገር ግን ሌላ ቅሬታ አወጣች። «እሱስ ይሁን፣ እግሬ ግን ስቀባው ውዬ ማታ ተመልሶ አመዳም ነው።» መቼ ነው የምትቀቢው አልኳት። ጠዋት ልብሷን ለብሳ ካበቃች በኋላ፣ ደረቅ ቆዳ ላይ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሺአ በተር ውስጥ ውሃ የለም። ስብ ነው። ቆዳ ላይ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ይከድናል እንጂ የሌለውን እርጥበት አያመጣም። ደረቅ ቆዳ ላይ ሲቀባ የሚከድነው ድርቀቱን ነው። ስለዚህ ገላ ከታጠቡ በኋላ ፎጣውን ጠበቅ አድርጎ አለመጥረግ፤ ቆዳው ገና ረጠብ እያለ መቀባት። ግሊሰሪን በውሃ አቅጥነው የሚቀቡ ካሉ መጀመሪያ እሱን፣ ከላዩ ሺአውን። መጠኑ ደግሞ ትንሽ ነው፤ የሽምብራ ፍሬ የምታክል በሁለት መዳፍ መሃል ታሽታ ዘይት ስትሆን ለአንድ እግር ትበቃለች። ሰው በጣቱ ጠቅልሎ ይለጥፈውና «ያጣብቃል» ይላል።

ለተሰነጠቀ ተረከዝ ማታ ቀብቶ ካልሲ ማድረግ ነው። ፊቱ ብጉር የሚያበዛበት ሰው ግን መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ቢያይ ይሻላል። ፀሐይ ይከላከላል እያሉ የሚሸጡ አሉ፤ በእሱ ተማምኖ ሰንስክሪን መተው አይገባም።

ስለ ሽታውም ጠየቀችኝ፤ ጭስ ጭስ ይላል አለች። የሰሜን ጋና ሴቶች ፍሬውን ቀቅለው፣ አድርቀው፣ ፈልፍለው፣ ቆልተው ነው የሚፈጩት፤ ከዚያ በውሃ በእጃቸው እየመቱ ስቡን ያወጡታል። ሽታው የመቁላቱ ነው። ነጭና ምንም የማይሸት ከሆነ በፋብሪካ የተጣራ ነው፤ እሱም ይሠራል።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኳት። ፀጉር ቤት ውስጥ እርጥብ እጅ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ውሃ ከገባበት ሊሻግት ይችላል፣ ደረቅ ማንኪያ ይኑርሽ አልኳት። ከመሄዴ በፊት ትንሽ የሻይ ማንኪያ በክር አስራ ብልቃጡ አንገት ላይ አንጠለጠለች።

እኛ ጋ አሁን መብራት ሲጠፋ ብርድ ልብስ የሚፈልግ የለም። የተሞሉትን ብልቃጦች ቀዝቃዛ ውሃ ያለው ሳፋ ውስጥ እንደረድራለን፤ ድስት ውስጥ የቀረውን እንተወውና በማግስቱ እንደገና ከጥንቱ እናቀልጠዋለን። የምታዘው ልጅቷ ናት። እትዬም ሳይቀሩ ሳፋ ያቀብሏታል።