መንገድ ማስፋት ብቻውን አይበቃም

መንገድ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ማስፋት ነው። ይሰፋል፣ ለጥቂት ጊዜ ይቀላል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋጋል። ምክንያቱም መንገዱ ሲቀል መኪናውን ቤት ትቶ ይወጣ የነበረው ሰውም ይዞት ይወጣል።

እኔ መቁጠር ያለብን መኪናን ሳይሆን ሰውን ነው ባይ ነኝ። አንድ አንድ ሰው የያዙ መኪኖች መንገዱን ሞልተውት፣ ስልሳ ሰባ ሰው የጫነ አውቶቡስ ከኋላቸው ተገትሮ ሲጠብቅ ማየት በጣም ያናድዳል።

ለአውቶቡስ የራሱን መስመር መስጠት ባቡር ከመዘርጋት ይረክሳል። የብራዚሏ ኩሪቲባ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1974 ጀመረች፤ የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ደግሞ ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የአውቶቡስ ሥርዓቷን በ2000። እዚያ ተሳፋሪው የሚከፍለው ጣቢያው ላይ፣ ገና ሳይሳፈር ነው። የጣቢያውና የአውቶቡሱ ወለል እኩል ስለሆነ ደረጃ መውጣት የለም፣ በሮቹ ሁሉ በአንዴ ይከፈታሉ፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትም ሆነች ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ሰተት ብለው ይገባሉ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በየፌርማታው የሚባክነው ጊዜ ሲደማመር ቀላል አይደለም።

የአውቶቡሱን መስመር ቀለም ቀብቶ ብቻ መተው ግን ዋጋ የለውም። መስመሩ ላይ አንድ መኪና ከቆመ አለቀ።

ሚኒባሶችስ? ገቢው በተሳፋሪ ቁጥር የሆነ ሹፌር ካልሞላ አይነሳም፣ ከተነሳ ደግሞ ይሽቀዳደማል። ችግሩ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው፤ በሄደበት ኪሎ ሜትር ቢከፈለው የሚሻማበት ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ ከሥራ ማፈናቀል ሳይሆን ወደ ሥርዓቱ ማስገባት ይሻላል።

የእግረኛ መንገድም አይረሳ። ፌርማታ ለመድረስ በመኪና መሀል የሚሹለከለክ ሰው፣ አቅሙ በፈቀደ ቀን መኪና ይገዛል።