ከጀርመን የመጣ ጎማ

ሻንጣዬ ጅማ ሲከፈት ከጫማው፣ ከሽቶውና ከቸኮሌቱ ሥር አንድ ካንዴላ (እሳት የሚያስነሣው)፣ ጥቂት ጓርኒሲዮን (በብረቶች መገጣጠሚያ የሚገባ ማሸጊያ)፣ ጥቁር የነዳጅ ቱቦ እና መዳፍ የማይሞላ ስስ ጎማ ወጣ። አጎቴ ጎማውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ ብርሃን አዞረውና «ከጀርመን ድረስ ይኼን ተሸክመህ መጣህ?» አለኝ። የጠበቀው አዲስ ሞተር መጋዝ ነበር።

አጎቴ ዕድሜውን የኖረው በእንጨት ነው። በወጣትነቱ አንዱ ከግንዱ ላይ፣ አንዱ ከሥር ሆነው በሚስቡት መጋዝ ጣውላ ያወጣ ነበር። ኋላ ላይ አንድ ነጋዴ ሥራውን ሲተው ላለበት ዕዳ ሞተር መጋዙን ሰጠው። መጋዙ ዓመታት አገልግሎ አንድ ቀን አልነሳም አለ፤ ከዚያ ወዲህ ጓዳ ነው። በደወልኩ ቁጥር «አንተ የመጋዙ ፋብሪካ ደጃፍ ተቀምጠህ እኔ በመጥረቢያ ልለቅ?» ይለኛል። ደጃፉ ላይ ባልሆንም ሩቅ አይደለሁም። የምኖረው ሽቱትጋርት አጠገብ ነው፤ የአጎቴን መጋዝ የሠራውን የሽቲል ፋብሪካ የመሠረተው አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 ሥራውን የጀመረው እዚያው ሽቱትጋርት ነው። የመጀመሪያው መጋዙ በኤሌክትሪክ የሚሠራና 48 ኪሎ የሚመዝን ስለነበር ለሁለት ሰው ነበር የሚያዘው። በ1929 የመጣው የቤንዚኑም 46 ኪሎ ነበር። የአጎቴን መጋዝ ፎቶ በቴሌግራም ሳየው 070 የሚባለው የሽቲል ሞዴል ሆኖ አገኘሁት፦ 106 ሲሲ፣ ከአንዳንድ ሞተር ሳይክል የሚበልጥ ሞተር፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር ያልነካው።

አዲስ ያልገዛሁት ገንዘብ ቆጥቤ ብቻ አይደለም። መርካቶ በርካሽ የሚገኙት አስመስለው የተሠሩ መጋዞች ስማቸውን እንጂ ብረታቸውን አላምነውም። አሮጌውን ወደ ጀርመን ወስጄ ላሠራውም አልችልም፤ ቤንዚን የነካ ማሽን አውሮፕላን ላይ ማስጫን ራስ ምታት ነው። ዕቃው ግን ቀላል ነው፣ ሥራውንም አውቀዋለሁ። ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የሆኑ ጡረተኛ ናቸው። አሮጌ መጋዝ እየፈለጉ ማደስ ይወዳሉ፤ እኔም ቋንቋው ገና አፌ ላይ ሳይፈታ ቅዳሜ ቅዳሜ ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻ) እያቀበልኩ ነው ከሳቸው ጋር የተግባባሁት። በዚያ አገር ስሜን አስተካክለው ለመጥራት የደከሙ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

መንቲና በሚባለው የጅማ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር የማዳበሪያ ከረጢት አነጠፍን። ባጃጅ የሚጠግን የሰፈር ልጅም መጣ። ይሄ ልጅ እጁ ወርቅ ነው። ገና ገመዱን ቀስ ብሎ ሲስብ «ትንፋሽ አለው» አለ፤ ሞተሩ አየር አምቆ ይይዛል ማለቱ ነው። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫ ሣጥኑን) ፈትቶ በጭስ መውጫው ቀዳዳ የስልኩን መብራት ሰደደ፤ ፒስቶኑ ላይ ጭረት የለም፣ ፒስቶኑን የሚከብበው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ደህና ነው። ስለዚህ ሞተሩ አልሞተም ማለት ነው።

እሳት ግን አልነበረም። ካንዴላውን ከብረቱ አስጠግቶ ገመዱን ቢስበው ብልጭ የሚል ነገር ጠፋ። ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ ብረት) ሲያነሳው እሳቱን የሚቆራርጡት ሁለት ነጥቦች አፈር መስለዋል። ጅማ ላይ ዝናቡ ስንት ወር እንደሚዘንብ ለሚያውቅ ሰው ይሄ አይገርምም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ወልውለን፣ በመሐላቸው ያለውን ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር አድርገን፣ አዲሱን ካንዴላ ስናስር ሰማያዊ እሳት መጣ።

ዋናው በሽታ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ነበር። መጋዝ ወደ ጎንም ወደ ታችም ስለሚዘቀዘቅ እንደ ሞተር ሳይክል ተንሳፋፊ ያለው ካርቡራቶር አይሆነውም። ነዳጁን የሚያስገባለት ከፒስቶኑ ጋር አብሮ የሚተነፍስ ስስ ጎማ ነው። የአጎቴ መጋዝ ጎማ ድርቆሽ ሆኗል፤ ጫፉን ስነካው ቀጭ አለ። አጎቴ ያን ጊዜ ነው የእኔን ጎማ ካስቀመጠበት ኪስ አውጥቶ ያለ ቃል የሰጠኝ።

ጭቅጭቁ የመጣው ነዳጅ ላይ ነው። ይሄ ሞተር ለብቻው ዘይት የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በተደባለቀው ዘይት ነው። አጎቴ በቡና ሲኒ ይለካል፣ ያውም የመኪና ዘይት። ማርሚታው ውስጥ ያገኘነው የጥላሸት ክምር ከየት እንደመጣ ይሄው። እኔ ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝቼ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ሲሪንጅ የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ጨመርኩ፤ አንድ ለሃያ አምስት መሆኑ ነው። «መጋዝ ነው ሕፃን ነው የምታክመው?» ብሎ ሳቀብኝ። ቤንዚኑ ራሱ ከልጁ ባጃጅ በቱቦ የተቀዳ ነው፤ ጄሪካን ይዞ ማደያ መሄድ ምን እንደሚመስል አገር ቤት ያለ ያውቀዋል። አክስቴ በበኩሏ «ቶናው ቀዘቀዘ፣ ብረቱ የትም አይሄድም» እያለች ነበር።

ተነሣ። መጀመሪያ አሳለው፣ ቀጥሎ ግቢውን በነጭ ጭስ ሞላው፣ ከዚያ ድምፁ ጠራ። የአጎቴ ምስጋና «አዲስ ቢሆን በአንድ ሳብ ይነሣ ነበር» የሚል ነው።

አንድ ነገር አሁንም አላምነውም። መጋዙ የሰንሰለት ፍሬን የለውም፤ ጫፉ ግንድ ነክቶ ወደ ሰው ቢመለስ ሰንሰለቱን የሚያቆመው የለም። አጎቴ ደግሞ በኮንጎ ጫማ ነው የሚሠራው። ሰንሰለት የሚከላከል ወፍራም ሱሪ አምጥቼለት ነበር፤ ይሞቃል ብሎ ለሥራ አልለበሰውም፣ ለቅሶ ሄደበት። የሚቆርጠው ባሕር ዛፍ ብቻ እንዲሆንም ተስማምተናል። ኮሶ፣ ጥድ፣ ዝግባና ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ በስም ተጠርተው ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የተከለከሉ ነበሩ። «በርጩማ ከዋንዛ ካልሆነ ምን ወዝ አለው» ማለቱን ግን አልተወም።

ከተመለስኩ በኋላ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። አጎቴ የሰፈሩን የሞቱ መጋዞች ፎቶ እያነሳ በየሳምንቱ ይልክልኛል፤ ባጃጅ ጠጋኙ ልጅ ይመረምራል፣ እሱ ደላላ ሆኗል። ትናንት ያዘዘኝ 090 ለሚባለው ሌላ የሽቲል መጋዝ የሚሆን ፋሻ ነው። ባለቤቱ እንደሚከፍል ምሎልኛል፤ መቼ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።