ስክሪኑን እይ ያልኩት ልጅ

ደሴ ሐምሌ ላይ ጉም ትለብሳለች። ከፒያሳ ቀና ብትሉ የጦሳ ተራራ የለም፤ ነጭ ብቻ ነው። ስቱዲዮዬ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጀምር ቀረጻ እናቆማለን። ግድግዳው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ለጥፌያለሁ። በዚህች ክፍል ድምፅ መቅዳትና ሚክስ ማድረግ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። መንዙማ፣ መዝሙር፣ የሠርግ ዘፈን፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ።

ባለፈው ክረምት ስድስት ወጣቶች መጡ። አምስት ወንድ፣ አንዲት ሴት። ዘፋኟ ሴቷ ናት። ድራም፣ ባስ፣ ጊታር፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ይዘዋል። "የምንሠራው ስካ ፓንክ ነው" አሉኝ። ፓንኩን፣ ያንን ፈጣንና ጩኸታም ሮክ፣ ገምቼዋለሁ። ስካውን ግን ጊታሪስቱ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

ስካ የሬጌ ታላቅ ወንድም ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ ጃማይካ ውስጥ ተወለደ። ሬጌ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጊታሩ ምቱ ላይ አያርፍም፤ በሁለት ምት መሃል ገብቶ "ቸክ" ይላል። ከላይ ጡሩምባዎቹ ይጨፍራሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ፣ በተለይ ኮቨንትሪ ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ወጣቶች ባንድ መድረክ ቆመው ከፓንክ ጋር አዋሃዱት። ፍጥነቱ ጨመረ፣ ጊታሩም ሻከረ። የእኛዎቹ ልጆች አንዳንዱን ዘፈን በደቂቃ 180 ምት ነው የሚጫወቱት። መጀመሪያ ቀን ድራመሩን ሳየው ለልቡ ፈራሁለት።

ሐሳቡ ከየት መጣላችሁ ስላቸው ጌታቸው መኩሪያን ጠሩልኝ። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው ጌታቸው፣ በፈረንጆቹ 2006 ዘ ኤክስ ከተባለ የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ ጋር አልበም አውጥቷል። በሰባ ዓመቱ! ልጆቹ ያንን ሰምተው ነው "እኛስ ለምን የወሎን አንሞክርም?" ያሉት። ደስ አለኝ። ትራምፔትም ቢሆን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነጡሩምባቸው አዲስ አበባ ካስመጡ ወዲህማ በደንብ የለመድነው መሣሪያ ነው። የባንዱ ትራምፔት ተጫዋችም የተማረው በፖሊስ ማርሽ ባንድ ውስጥ ከነበረ አጎቱ ነው።

አልበሙ ዘጠኝ ዘፈን ነው። አራቱንም ቅኝት ነክተዋል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ። ከአራቱ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ተቀምጦ አምባሰልን ማበላሸት ከባድ ጥፋት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊያስተዋውቁበት የመረጡት ዘፈን በአምባሰል የተሠራ ነበር። ዘፋኟ የቀዳችው በብርድ ቀን ነው፣ ድምፅዋ ትንሽ ታፍኗል። ድራመሩ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊመለስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። መብራት በቀን ሁለቴ ይጠፋል። ቸኮልኩ። ድምፅ የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር ከፈትኩና ከተዘጋጁት ስኬሎች፣ ማለትም የፈረንጆቹ ቅኝቶች፣ "ማይነር" የሚለውን መርጬ ለቀቅኩት። ለሠርግ ዘፈን ሁልጊዜ እንደማደርገው።

ለማያውቅ ላስረዳ። አምባሰል አምስት ድምፅ ነው። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው። ፒያኖ ላይ "ዶ" የምትባለውን ነጭ ቁልፍ ተጭናችሁ አጠገቧ ያለችውን ጥቁር እንደ መንካት ነው። አምባሰልን አምባሰል የሚያደርጋት፣ ሆድ የምታባባዋ፣ ያቺ ጠባብ እርምጃ ናት። ማይነር ውስጥ ግን ያቺ ድምፅ የለችም። ሶፍትዌሩ ሲያገኛት "ተሳስታለች" ብሎ ያስባል። ከዚያ አንዳንዴ ወደ ታች፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ይገፋታል።

በማግስቱ ትራምፔቱን ከድምፁ ጋር ሳስማማ ተጋጩብኝ። ልጁ የነፋትና ዘፋኟ ያለቻት ድምፅ አይገናኙም። ጠራሁት።

"እዚህች ጋ ስተሃል" አልኩት።

"ጋሼ፣ እኔ የነፋሁት እሷ እንዳለችው ነው።"

"ስክሪኑን እይ።"

ስክሪኑን አየ። የዘፋኟ ድምፅ በአረንጓዴ መስመር ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የእሱ ከመስመሩ ዝቅ ብሏል። ምንም አላለም። አንገቱን ደፍቶ ገባና እንደገና ነፋው፤ እኔ እንዳልኩት አድርጎ። የበፊቱን ቀረጻ ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር አጠፋሁት።

የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ጆሮው ትክክል ነበር፣ አፉም በጨዋነት ተናግሯል። እኔ ደግሞ ጆሮ እያለኝ ዓይኔን አመንኩ። እስከ ዛሬ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ሐሙስ ማታ የአርባ ሰከንድ ቅንጫቢ በቴሌግራምና በቲክቶክ ተለቀቀ። ሙሉውን ዘፈን ደግሞ በፍላሽ ለሃያ ባጃጅ ሾፌሮች ሰጠን። ደሴ ውስጥ ዘፈን እንዲሰማላችሁ ከፈለጋችሁ ባጃጅ ላይ ጫኑት። ከቧንቧ ውሃ እስከ ሰኞ ገበያ ሳታርፉ ትሰሙታላችሁ። እውነትም ዓርብ ጠዋት ከተማው ውስጥ ይጮህ ጀመር። ልጆቹ በደስታ አበዱ።

ቅዳሜ ዘፋኟ ቤት ቡና ተጠራን። አያቷ አሉ። ውጫሌ አካባቢ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ የተጠጋ እናት ናቸው። ዕጣኑ ጨሶ፣ አቦሉ ተቀድቶ፣ ዱዓቸውን አድርገው ሲጨርሱ "እስቲ የልጄን ዘፈን አሰሙኝ" አሉ። ስልኬን አወጣሁ። ጩኸቱን ይጠሉታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጠሉትም። በጣታቸው ረከቦቱን መታ መታ አደረጉ። ግጥሙ ሲደርስ ግን ጣታቸው ቆመ።

"መልሰው እስቲ።"

መለስኩት።

"ምን ያደርጋል፣" አሉ፣ "ታነክሳለች። አምባሰል ናት ብላችሁኛል። አምባሰል እንዲህ አትረግጥም።"

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸው አዜሙት። ድምፃቸው ሰልሏል፣ ትንፋሻቸው አጭር ነው። ያቺ ሁለተኛ ድምፅ ግን ከመነሻው ጋር ተጠግታ፣ ልትነካው ምንም ሳይቀራት ቁጭ አለች። ወዲያው ገባኝ። ፊቴ ጋለ። ትራምፔት ተጫዋቹ ከፊት ለፊቴ ነበር የተቀመጠው። አላየኝም፤ ሲኒውን ነበር የሚያየው።

ዘፋኟን "አንቺስ አልሰማሽውም?" አልኳት። "ሰምቼዋለሁ" አለችኝ። "ስቱዲዮ ሲገባ እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ ነው።" ይህንን መልስ በየቀኑ አስበዋለሁ። ሰው የገዛ ድምፁ ተቀይሮበት ባለሙያው ያውቃል ብሎ ዝም ይላል።

"ጥፋቱ የእኔ ነው እማማ" አልኩ። እዚያው ሁሉም እየሰማ ወደ ልጁ ዞሬ፣ "አንተ ትክክል ነበርክ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት። አያትየዋ "አብሽር ልጄ፣ ይስተካከላል" ብለው ቶናውን ቀዱ።

ማታውኑ ስቱዲዮ ገባሁ። የዘፋኟ ጥሬ ድምፅ ደግነቱ አልጠፋም። ሶፍትዌሩን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ስሰማው ብርዱም፣ የታፈነው ትንፋሽም አለ፤ አምባሰልም አለች። ምንም ማስተካከል አያስፈልገውም ነበር። ትራምፔቱ ግን እንደገና መቀዳት አለበት። ልጁ እሑድ ጠዋት ወደ ቤተሰቦቹ ኮምቦልቻ ወርዷል። ላፕቶፕና ማይክ ይዤ በሐረጎ ቁልቁለት ተከተልኩት። ከጉሙ ስወጣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ናት።

አጎቱ ቤት፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ቁም ሳጥኑን ከፍተን ልብሱን ለድምፅ መከላከያ አደረግነው። ላፕቶፑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ስክሪኑን እኔም እሱም እንዳናየው። የዘፋኟን ጥሬ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ሰጠሁትና ነፋ። አንዴ ብቻ። አጎትየው በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ "በቃ" አሉ፤ እኔም በቃ አልኩ።

አሁን አንድ ዘፈን ከመክፈቴ በፊት ዘፋኙን ቅኝቱን እጠይቃለሁ። የፋይሉ ስም ላይ እጽፈዋለሁ። ከመልቀቃችን በፊት ደግሞ ከእኛ ውጪ ያለ፣ ዜማውን ከልጅነቱ የሚያውቅ አንድ ሰው ይሰማዋል። በዚህ ምክንያት የዚያ አልበም መውጫ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ሌሎቹን ስምንት ዘፈኖች ለአያትየዋ አንድ በአንድ አሰማን። አንደኛው ላይ "ይሄ ጩኸት ብቻ ነው" አሉ። ልጆቹ እሱን አልነኩትም፣ ልክ ነበሩ፤ እሱ እውነትም የጩኸት ዘፈን ነው።

ቅንጫቢውን ከቴሌግራምና ከቲክቶክ አውርደን አዲሱን ጫንን። ይህ ቀላል ነበር። ባጃጆቹ ናቸው ያስቸገሩን። ሃያ ፍላሽ ሰጥተን አሥራ አራቱን አገኘን። የቀሩት ለሌላ ሾፌር አውሰዋል፣ ያኛውም ለሌላው ቀድቷል። እስካሁን ፒያሳ ላይ ቆሜ ያቺ የምታነክስ አምባሰል ስታልፍ እሰማለሁ። እጄን ዘርግቼ አስቆመዋለሁ። ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ትክክለኛው ያለበት አንድ ፍላሽ አለ። "ይቺን ውሰድና ያቺን ስጠኝ" እለዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ ግን ይሰጠኛል።