ኮፈኗን ከማስቀባቴ በፊት ፓራውልቷን ባየው ኖሮ

መኪናዬ ነጭ ናት፣ የኤሌክትሪክ። ከገዛኋት ሁለት ዓመት አልሞላትም። ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳጥባት ኮፈኗ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች አየሁ። የጤፍ ፍሬ ያህላሉ። በእርጥብ ጨርቅ አሸኋቸው፣ አልለቀቁም። በጥፍሬ ስነካቸው ይሻክራሉ። ክው አልኩ። ስንት ዓመት ቆጥቤ የገዛኋት መኪና ዛገች ብዬ ቁርስ እንኳን አልበላሁም።

ሰኞ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ፤ ዋስትና አላት። ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ በጨረፍታ አየና «ይሄ የውጭ ምክንያት ነው፣ ዋስትናው አይሸፍነውም» አለኝ። «ምንድን ነው የውጭ ምክንያቱ?» ስለው «አቧራ ይሆናል፣ ወፍ ይሆናል፣ እኛ በምን እናውቃለን እህቴ?» አለ። መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ወጥቶ አላያትም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው። ምክንያቱ የውጭ ነበር። ሳያይ ስለተናገረ ግን ሊገላገለኝ የፈለገ መሰለኝና ተቃራኒውን አመንኩ፦ ፋብሪካው ቀለሙን አበላሽቶታል፣ ብረቱ ከስር እየዛገ ነው።

ይህን ይዤ ጋራዥ ገባሁ። ባትላሜራው በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገና «ከውስጥ ነው የሚመጣው። አሁን ካልተቀባ ይበሳል» አለኝ። ልሰማ የፈለግኩትም እሱኑ ነበር። ሁለተኛ ሰው አልጠየቅኩም። በ18 ሺህ ብር ተስማማን። ኮፈኗ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀች፣ ስቱኮ ገባላት፣ ተቀባች፣ በሦስተኛው ቀን ወጣች። ሳያት ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ የማላውቀውን ልንገራችሁ። ፋብሪካ ውስጥ ቀለሙ የሚቀባው ገና ባዶው ቦዲ ላይ ነው። ወንበር የለ፣ ገመድ የለ፣ ፕላስቲክ የለ። ስለዚህ ወደ 140 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይጋገራል። ተገጣጥማ ያለቀች መኪና ይህን ያህል ሙቀት አትችልም፤ ጋራዥ የሚቀባው በሌላ ዓይነት ቀለም፣ በማጠንከሪያ ነው። ጎበዝ ቀቢ ካገኛችሁ ያምራል፣ ይቆያልም። የፋብሪካው ግን አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ገዢም ያውቃል። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ መጣ። በሩ 118 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ)፣ ጣሪያው 121፣ ኮፈኑ 290። ስቱኮና አዲስ ቀለም የገባበት ይወፍራል። «ተመትታ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድም ቀን ተመትታ አታውቅም። ለሚቀጥለው ገዢም ይህንኑ ስምል ልኖር ነው።

ከተቀባች በሦስተኛው ሳምንት ነጠብጣቦቹ ተመለሱ። አዲሱ ቀለም ላይ። ባትላሜራው ጋ ደወልኩ። «ብረቱ ታሟል ማለት ነው፣ ሙሉዋን እንቀባት» አለኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ብሩን ከየት እንደማመጣ አስብ ነበር። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ያዳነኝ ወንበር ነው። በማግስቱ ዝናብ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ያለውን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላስገባ አነሳሁት። መደገፊያው ላይ ያው ቡናማ ነጠብጣብ። ፕላስቲክ ይዝጋል? ወንበሩን እዚያው ጥዬ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። የፊት ፓራውልቷ፣ ግጭት መከላከያዋ፣ ፕላስቲክ ነው፤ በስልኬ መብራት ሳየው ሞልቶበታል። የፊት መብራቱ ላይም አለ። መስታወቱን በጥፍሬ ስዳብሰው ይሻክራል። ኮፈንና ጣሪያ ላይ በብዛት፣ በሮቹ ላይ ጥቂት፣ በአጥሩ በኩል ያለው በር ላይ ግን ብዙ። ከላይ ነው የሚወርደው፣ ከአጥሩ ማዶ።

ከአጥሩ ማዶ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ልክ አጥራችን ሥር ቀኑን ሙሉ ፌሮ በግራይንደር ይቆርጣሉ። ድምፁን ለምጄው አልሰማውም ነበር። ያ የሚበረው ፍንጣሪ የጋለ የብረት ፍርፋሪ ነው። ቀለሙ ላይ ሲያርፍ ክሊር የሚሉት ግልጽ ሽፋን ላይ ይጣበቃል፤ ሽፋኑ ከፀጉር ይቀጥናል። ከዚያ ዝናብ ይመጣል፣ ፍርፋሪው ይዝጋል። የዛገው እሱ ነው እንጂ መኪናዋ አይደለችም። ከስር ያለው ብረት ደህና ነበር። የፋቅነው ደህናውን ቀለም ነው።

ማጽዳቱ ቀላል ነበር። የብረት ብናኝ የሚያሟሟ ፈሳሽ አለ። ሶማሌ ተራ ፈልጌ አጣሁት፣ እህቴ ከዱባይ አመጣችልኝ። ጥላ ሥር፣ መኪናዋ ቀዝቅዛ እያለ፣ ጓንት አድርጎ መርጨት ነው። ብረት ሲያገኝ ወይን ጠጅ ይሆንና ይፈሳል። ሽታው ከባድ ነው። ሳይደርቅ ብዙ ውኃ። የቀረውን ክሌይ በሚሉት፣ እንደ ሊጥ በሚለጠጠው ነገር፣ በሳሙና ውኃ እያንሸራተትኩ አነሳሁት። ጣሪያው እንደ አዲስ ሆነ፣ የፋብሪካ ቀለሙን እንደያዘ። ኮፈኑም እንዲሁ ይጸዳ ነበር።

ወረዳ ሄጄ አመለከትኩ። «መኪናሽን ሌላ ቦታ አቁሚያ» አሉኝ፣ በገዛ ግቢዬ። ስለዚህ ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ የአጥሩ ጫፍ ላይ ጎተትኩት። ጥቁር ጸጉር አብቅሎ ተነሳ። ይዤው ፎርማኑ ዘንድ ሄድኩ። አየው፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «ይቅርታ እህቴ፣ አላወቅንም» አለኝ። በማግስቱ መቁረጫውን ወደ ማዶ አዞሩት፣ ሸራም ዘረጉ። ሳያይ ካባረረኝ ሰው ሁሉ ይልቅ እሱን አከብረዋለሁ።

የዋስትናው መጽሐፍ ቀለም ላይ ችግር ካያችሁ ወዲያው ወደ ሻጩ ሂዱ ይላል። እኔ አትሂዱ እላለሁ፣ መጀመሪያ ራሳችሁ እዩ። እጃችሁን ፌስታል ውስጥ አስገቡና የታጠበውን ቀለም ዳብሱ፤ በባዶ ጣት የማይሰማው ሁሉ ይሰማል። ፕላስቲኩንና መስታወቱን ከብረቱ ጋር አስተያዩ። ብረቱ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ቀለሙም ከስር ካበጠ፣ ያኔ ከሻጩ ጋር ተከራከሩ። ሌላውም ላይ ካለ ቀና ብላችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ። ላቫጆም አትውሰዷት፤ ያን ፍርፋሪ በጨርቅ ካሹት ቀለሙን ይጭረዋል። ሳያይ የሚፈርድ፣ ዳስሶ ብቻ «እንቀባው» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴ አጥባታለሁ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የኮፈኑ ነጭ ከጎማው በላይ ካለው ከፓርፋንጎው ነጭ ይለያል። ሌላ ሰው አያስተውለውም። እኔ አየዋለሁ።