የክረምት የቋንቋ ጉዞ፦ ታዳጊ ተማሪዎችን ከፒያሳ ወደ ፈረንሳይ እንዴት እንደማዘጋጅ

ፒያሳ አካባቢ ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ተማሪዎች ለቋንቋ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ አጅቤ እሄዳለሁ። ወላጆች ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል፤ ስንት ያስወጣል? ሲመለስስ አቀላጥፎ ይናገራል ወይ? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚወሰነው ልጁ ከመሄዱ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ በሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ከዚያኛው አገር ይልቅ ከጉዞው በፊት ስላሉት ወራት አብዝቼ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የቋንቋ ትምህርት ቤቶች «በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ» ብለው ያስተዋውቃሉ። አንዱ ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 45 ደቂቃ ስለሆነ በሳምንት 15 ሰዓት፣ በአራት ሳምንት 60 ሰዓት ማለት ነው። የአውሮፓ የቋንቋ መመዘኛ ከኤ1 (ጀማሪ) ተነስቶ በኤ2፣ በቢ1 እያለ እስከ ሲ2 ይወጣል፤ ከኤ2 ወደ ቢ1 ለመሻገር በተለምዶ ከ150 እስከ 200 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል። «በአንድ ክረምት አንድ ደረጃ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ይህን ሒሳብ አስታውሱ። ጉዞው የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ በደብተሩ የሚያውቀውን ቋንቋ አፉን ያስፈታዋል። ደብተሩ ባዶ ከሆነ ግን የሚፈታ ነገር የለም። በኤ1 የሄደ ተማሪ እራት ላይ ዝም ይላል፣ በሁለተኛው ሳምንት ከስልኩ ጋር ክፍሉ ውስጥ ይዘጋል። እኔ ኤ2ን ያላጠናቀቀ ተማሪ አልወስድም፤ ወላጅ ቢቀየመኝም አልለውጠውም።

ቦታ ስመርጥ ፓሪስን እተዋለሁ። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ትልቅ ከተማ ማለት ረጅም የባቡር መንገድና ብዙ እንግሊዝኛ ነው። ትንሽ ከተማ ይሻላል። ለምሳሌ ቪሺ ወደ 25,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተምረው ካቪላም የሚባለው የቋንቋ ማዕከልም እዚያ ይገኛል። ልጁ ከቤት ወደ ክፍል በእግሩ ይሄዳል፣ ዳቦ ቤቷ በሁለተኛው ቀን ታውቀዋለች።

ለትምህርት ቤቱ የምጽፈው ኢሜይል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በክፍል ውስጥ ከፍተኛው የተማሪ ቁጥር ስንት ነው? በዚያ ወር ከተመዘገቡት ውስጥ ከአንድ አገር የመጡት ምን ያህሉን ይይዛሉ? በሐምሌና በነሐሴ ከአንድ አገር በገፍ የመጡ ታዳጊዎች የሚሞሉት ክፍል ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛ ፍለጋ ወደ ማልታ የሚልኩ ወላጆችም ስለ ጣሊያናውያን ተማሪዎች ብዛት ይህንኑ ይጠይቁ። ሌላው ጥያቄ የመኖሪያው ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አማርኛ ተናጋሪ እንዳይመደብ በጽሑፍ አረጋግጣለሁ። ወላጆች «ሁለቱ አብረው ቢሆኑ አይሻልም?» ይሉኛል። ለእናት ልብ ይሻላል፣ ለቋንቋው ግን አይሆንም። አብረው ያደሩ ልጆች እራታቸውን በአማርኛ ይበላሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። ደህና ትምህርት ቤት የመመዝገቢያውን ቀንሶ፣ የቪዛ ክልከላውን ደብዳቤ አይቶ ቀሪውን ይመልሳል። ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ አልፈርምም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ አልወስድም፤ ብሔራዊ ፈተናው ክረምቱ ውስጥ ይገባል። ለሌሎቹ ምዝገባው ጥቅምት ላይ ያልቃል፣ ሰነድ ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባል፣ የቪዛ ማመልከቻው ቢዘገይ ሚያዝያ ላይ ይገባል። ይህን ያህል መቅደም ያስፈለገው በምክንያት ነው። ፈረንሳይን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት የአጭር ጊዜ ቪዛ፣ የሼንገን ቪዛ፣ ማመልከቻው ለአብዛኛው አገር ዜጋ በ15 ቀን ይታያል፤ ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። በዚያው ውሳኔ ከሚጠየቀው ሰነድ አንዳንዱን በመተው ይደረግ የነበረው ማቅለያም ቀርቷል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ስለሆነ ሐምሌ መጨረሻ ለሚሄድ ተማሪ በሩ ጥር መጨረሻ ላይ ይከፈታል። ግንቦት ላይ ቀጠሮ የሚፈልግ ወላጅ ክረምቱን ቀጠሮ ሲጠብቅ ያሳልፋል።

ሰነዱ ላይ የሚያስቸግረው ብዛቱ ሳይሆን እርስ በርሱ አለመስማማቱ ነው። መጀመሪያ የልደት ሰርተፊኬቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ ፊደል በፊደል አነባለሁ። የአባት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ላይ አንድ ፊደል ተጨምሮ፣ ሌላው ላይ ተቀንሶ ይገኛል። ከዚያ የልደት ቀን። ታኅሣሥ 12 ቀን 2001 የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን ዲሴምበር 21 ቀን 2008 ነው። ዓመቱ ላይ ስምንት ደምሮ 2009 ብሎ የሞላ ሰው ልጁን በአንድ ዓመት አሳነሰው ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን ቅጹን የሚሞላው ሰው ሁሉ አያስታውስም። ስህተቱ የተገኘው ጥቅምት ላይ ከሆነ ወረዳው ሲቪል ምዝገባ ሄዶ ለማስተካከል ጊዜ አለ፤ ሚያዝያ ላይ ከሆነ የለም።

ቀጥሎ የወላጆች ፈቃድ ነው። ሁለቱም ወላጆች ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበው ልጃቸው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ከእነ እገሌ ጋር፣ ወደዚህ አገር እንዲሄድ መፍቀዳቸውን ይፈርማሉ። ፈቃዱ በሕጋዊ ትርጉም ቤት ይተረጎማል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ይረጋገጣል። ቅደም ተከተሉን ያዛነፈ ሰው ከመስኮት ይመለሳል፤ ውጭ ጉዳይ የሚያየው የሰነዶች ማረጋገጫን ማኅተም ነው። ከወላጆቹ አንዱ ውጭ አገር ካለ እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና ይልካል። ከሞተ የሞት ሰርተፊኬት፣ ከተፋቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይያያዛል። ይህ ብቻውን ሁለት ወር ሊወስድ ስለሚችል ስለ ቤተሰቡ ሁኔታ በመጀመሪያው ቀን በግል እጠይቃለሁ።

አንድ ገጽ ማብራሪያ ደግሞ ራሴ ጽፌ ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ጋር አያይዛለሁ። በእኛ ስም አጠራር ልጅ፣ እናትና አባት የጋራ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ እናት በትዳር ስሟን አትለውጥም። ይህን የማያውቅ መርማሪ ሦስት የተለያየ ስም ሲያይ ልጁ የማን እንደሆነ ይጠራጠራል። ማብራሪያው ስሞቹን በቀስት እያገናኘ ያሳያል።

ልጁ ወደ አገሩ እንደሚመለስ የሚያሳየው ማስረጃ ላይም አልሳሳም። የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ልጁ ለመስከረም መመዝገቡን ይጽፋል፤ «ተማሪያችን ነው» የሚለው ብቻ አይበቃም። የወላጅ የሥራ ደብዳቤ ወይም የንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ፣ ከዚያም የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት ይከተላሉ። ማመልከቻው ሊገባ ሲል ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ የተበደሩት ይመስላል። ከፋዩ አሜሪካ ያለ አጎት ከሆነ በግልጽ ይጻፍ፣ የእሱ ማስረጃ ይቅረብ። የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና ከመነሻው እስከ መመለሻው ቀን አንድም ቀን የማይጎድለው መሆን አለበት። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ይኑረው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። መደበኛው የሼንገን ቪዛ ክፍያ ከ2016 ዓ.ም. ሰኔ ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ነገር ግን የኅብረቱ የቪዛ ሕግ ለትምህርት የሚጓዙ ተማሪዎችንና አጃቢ መምህራንን ከዚህ ክፍያ ነፃ ያደርጋል። ነፃነቱን የሚያስገኘው ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ግን አይቀርም። አሻራ ከ12 ዓመት ጀምሮ ስለሚወሰድ ልጁ ራሱ ቀጠሮው ላይ መገኘት አለበት፤ ለፈተና ቀን ቀጠሮ አትያዙለት።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ልሁን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ክፍያውን ከወላጆች ጋር የምዋዋለው በዩሮ ነው፤ ብሩ በከፈሉበት ቀን የባንክ ዋጋ ይሰላል። የትምህርት ቤቱ ክፍያ በፕሮፎርማ በባንክ በኩል ይሄዳል። ለልጁ የኪስ ገንዘብ ባንኩ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ይሰጣል። ባለ 10ና ባለ 20 ዩሮ ኖት ጠይቁ፤ ባለ 100 ይዞ ዳቦ ቤት የገባ ልጅ ችግር ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደምወደው ሥራ ልምጣ። ከመጋቢት እስከ ሰኔ በየቅዳሜው ለሦስት ሰዓት ሰዋስው የሌለበት ልምምድ አለን። የመጀመሪያው ርዕስ ምግብ ነው። የእኛ ልጅ በሰው ቤት ሲጋበዝ መጀመሪያ «አይ፣ በቃኝ» ማለትን በጨዋነት ተምሯል፤ አስተናጋጇ «በሞቴ!» ብላ እንደምትጨምርለት ያውቃል። ፈረንሳይ ውስጥ በሞቴ የሚል የለም። አንዴ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ካለ ሳህኑ ይነሳል፣ ልጁም ተርቦ ያድራል። ይህን በቃል ማስረዳት አይበቃም። ጠረጴዛ ዘርግተን፣ እኔ እናትየዋን ሆኜ፣ «ትንሽ ይጨመርልኝ» እስኪል ድረስ እናለማምዳለን። ከሁሉም በላይ የሚያሳፍራቸው ይህ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ መናገር ነው። እዚህ አስተማሪ እስኪጠራው የሚጠብቅ ልጅ ይመሰገናል። እዚያ ሌሎቹ እየተሻሙ ሲናገሩ እሱ ዝም ካለ እንዳልገባው ይቆጠራል፣ ከደረጃው በታች ወዳለ ክፍልም ይወርዳል። ስለዚህ ንግግር ማቋረጫ አምስት ዐረፍተ ነገሮች ያጠናሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ ንግግር ማቋረጥ ይለማመዳሉ። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንለውንም እንተዋለን፤ የውጭ ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። አቀርቅሮ ማዳመጥም እንደ ቸልተኝነት ይታያል።

ሦስተኛው ስልክ መደወል ነው። ፊት ለፊት የሚግባባ ልጅ በስልክ ይጠፋዋል፤ የእጅና የፊት እርዳታ የለውማ። «አውቶቡስ አመለጠኝ፣ በ20 ደቂቃ እዘገያለሁ» የሚለውን ከሌላ ክፍል ሆኖ ይደውልልኛል። ሰዓቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የሚናገረው፤ በሦስት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት መካከል የተሳሳተ ልጅ ቤተሰቡን ፖሊስ ጋ ያስደውላል።

ለጉዞ ልምምድ ወደ ለገሃር እንወርዳለን። ወደ አያትና ወደ ቃሊቲ የሚሄዱት ባቡሮች እዚያ በአንድ ሐዲድ ላይ ስለሚመጡ የፊቱን ጽሑፍ ሳያነብ የተሳፈረ ሌላ ሰፈር ይገኛል። መመሪያው ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው። ሌላ ቅዳሜ ፒያሳ ዓድዋ ድል መታሰቢያ ወይም አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን እያንዳንዱ አንድ ነገር ያስረዳል። እዚያ ስለ ድንቅነሽ፣ ስለ ዓድዋ፣ ስለ አሥራ ሦስተኛው ወር መጠየቃቸው አይቀርም። የራሱን አገር በ20 ዐረፍተ ነገር ማስረዳት የሚችል ልጅ እራት ላይ ወሬ አያጣም።

ቀኑን ስመርጥ ፍልሰታን አያለሁ። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ የክረምቱ ኮርስ መሀል ላይ ይወድቃል። የሚጾም ልጅ ካለ ለአስተናጋጅ ቤተሰቡ አስቀድሜ እጽፋለሁ። «ጾመኛ» ብሎ መጻፍ ብቻ ምንም አይነግራቸውም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል እንደማይበላ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ አትክልትና ዘይት እንደሚበላ ይዘረዘራል። ቁርስ የማይበላ ከሆነ ምሳው ወደ ከሰዓት ይገፋ እንደሆነ ከትምህርት ቤቱ ጋር እስማማለሁ። ለሙስሊም ተማሪዎች ስለ ሐላል ሥጋና ስለ ሶላት ቦታ በተመሳሳይ መንገድ ይጻፋል።

እዚያ ከደረስን በኋላ ሕጎቼ ጥቂት ናቸው። ለአሥር ተማሪ አንድ አዋቂ፤ ሴቶችና ወንዶች ካሉ ከአጃቢዎቹ አንዷ ሴት ትሁን። ወደ ቤት መደወል በሁለት ቀን አንዴ፣ ከእራት በኋላ፣ ለ20 ደቂቃ። እናቶች በዚህ ይጨነቃሉ፤ በየሰዓቱ የሚደወልለት ልጅ ግን በሐሳብ ቤቱ ነው ያለው። በመጀመሪያው ሳምንት የራስ ምታትና የማልቀስ ስሜት ይመጣል፤ ቀኑን ሙሉ በባዕድ ቋንቋ ማዳመጥ ያደክማል። በአምስተኛውና በስምንተኛው ቀን መካከል ይቀላል። ቤት ይቀየርልኝ የሚል ጥያቄ ከቀረበ 48 ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ምግብ መከልከል ወይም የደኅንነት ጉዳይ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ይወጣል።

ሲመለሱ የመሳፈሪያ ወረቀታቸውንና የትምህርት ቤቱን የመገኘት ማረጋገጫ ሰብስቤ ከቪዛው ቅጂ ጋር አስቀምጣለሁ፤ ለሚቀጥለው ማመልከቻ በጊዜ መመለሳቸውን ያሳያል። ከዚያ መስከረም ላይ ትምህርት ሳይጀመር በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት የንግግር ክፍል እከፍትላቸዋለሁ፤ ካልተናገሩ እስከ ኅዳር አፋቸው ተመልሶ ይታሰራል። ዴልፍ የሚባለውን የፈረንሳይኛ ደረጃ ማረጋገጫ ፈተና የሚወስድ ካለም በዚያው ወቅት፣ ጆሮው ገና ትኩስ ሳለ አስመዘግበዋለሁ።