ስፖቲንግ ስኮፕን ከካሜራ ጋር ሲያጣምሩ
ስፖቲንግ ስኮፕ ሩቅ ያለውን አቅርቦ የሚያሳይ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ነው። 20 እጥፍ የሚያጎላ ስኮፕ ከ50 ሚሊ ሜትር የካሜራ ሌንስ ፊት ሲገጠም የ1000 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል ያቀርባል። ዋጋው ብርሃን ነው፦ የስኮፑ የፊት መስታወት 80 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1000 ለ80 ሲካፈል ኤፍ 12.5 ይሆናል፤ የኤፍ ቁጥር በጨመረ መጠን የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) መጨመር ግድ ነው።

በፎቶው ዙሪያ ጥቁር ክብ ከታየ ሌንሱ ከስኮፑ የዓይን መመልከቻ ርቋል፣ ወይም መሃል ለመሃል አልገጠመም። የመመልከቻውን ጎማ ወደ ውስጥ አስገብተው ያስጠጉት፤ መስታወት ከመስታወት ግን እንዳይነካካ። ክቡ ካልጠፋ ሌንሱን ትንሽ ዙም ያድርጉ። ስኮፑን ደግሞ በዝቅተኛው ማጉያ ይተዉት፤ 60 እጥፍ ማስታወቂያ ላይ ነው የሚያምረው።

ጠንካራ ትራይፖድ ላይ አቁመው በ2 ሰከንድ ቆጣሪ ያንሱ፤ ጣት ሲጫን ሁሉም ይንቀጠቀጣል። አብጃታ ሐይቅ ላይ ፍላሚንጎ ለማንሳት ማለዳ ይሻላል። ፀሐይ ከበረታች አየሩ ይርገበገባል፤ ያንን የትኛውም ውድ ስኮፕ አያስተካክለውም።