የሚቆየውን ቀለም ለጨርቅ፣ የሚጠፋውን ለፀሐይ

ደጅ ወጥቼ በለቀምኩት ቅጠልና ቅርፊት ሥዕል ስሠራ፣ ከሁሉ በፊት የማየው ቀለሙ ብርሃን መቻሉን ነው። የእርድ ቢጫ፣ የቀይ ሥር ሐምራዊ፣ የብዙ አበቦች ቀይና ሰማያዊ ልብ ይሰርቃሉ፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይገረጣሉ። ቅርፊትና ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል አፍ የሚያጣብቅ ንጥረ ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ግራጫና ጥቁር ደግሞ ለዓመታት ይቆያል። ሥራዬን በዚህ ልዩነት ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ ከተማርኩት ሁሉ የጠቀመኝም ይኸው ነው።

እንዲቆይ የምፈልገውን በጥጥ ጨርቅ ላይ እሠራለሁ። ጥጥ እንደ ሱፍ ቀለም በቀላሉ አይዝም፤ ዝግጅቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲሱን ጨርቅ በሳሙናና በልብስ ማጠቢያ ሶዳ አፍልቼ ቅባቱን አስለቅቃለሁ፤ ታኒን ባለው የቅርፊት ውሃ አሳድረዋለሁ፤ ቀጥሎ አሉም የሚባለውን ነጭ ጨው በሙቅ ውሃ አሟሙቼ እነክረዋለሁ። የአሉሙ መጠን የሚሰላው በደረቁ ጨርቅ ክብደት ነው፤ ለ100 ግራም ጨርቅ 15 ግራም ያህል ይበቃል። ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያስተሳስረው አሉሙ ስለሆነ ይህን ደረጃ መዝለል አያዋጣም።

ከዚያ ቅጠሎቹ ይመጣሉ። የወደቁትን፣ ጅማታቸው ጎላ ያለውን እመርጣለሁ። አሮጌ ሚስማሮችን ኮምጣጤ በገባበት ውሃ ዘፍዝፌ ባዘጋጀሁት የዝገት ውሃ አስነክቼ በእርጥቡ ጨርቅ ላይ እደረድራቸዋለሁ፤ በዱላ ላይ አጥብቄ ጠቅልዬ በሲባጎ አስራለሁ፤ በእንፋሎት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አበስላለሁ። ታኒን የበዛበት ቅጠል ጅማቱ ሳይቀር ጥቁር ሆኖ ይታተማል። የዝገቱ ውሃ ቀጠን ማለት አለበት፤ ብረት ሲበዛ ጨርቁ ውሎ አድሮ ይበላል። ጥቅሉን የምፈታው ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ነው፤ መጣደፍ መስመሩን ያደበዝዘዋል። ባሕር ዛፍ በሱፍና በሐር ላይ ያለ አሉም ብርቱካናማ ስለሚሰጥ ለጀማሪ የምመክረው ዛፍ እሱ ነው።

ቶሎ የሚገረጡት ቀለሞች ግን ፀሐይ ራሷ እንድትሥል ያደርጉልኛል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ሄርሼል የዕፅዋት ጭማቂ ለብርሃን ያለውን ምላሽ መርምሮ ውጤቱን ያሳተመው በ1842 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በዚህ መንገድ የሚሠራው ሥዕል አንቶታይፕ ይባላል። የአበባ ቅጠል ወይም ቀይ ሥር ወቅጬ አጠልለዋለሁ፤ ጭማቂውን ጥላ ውስጥ ወረቀት ላይ ደጋግሜ ቀብቼ አደርቃለሁ። ደረቅ ሣር ወይም ላባ አስቀምጬበት፣ መስታወት ጭኜበት ፀሐይ ላይ እተወዋለሁ። ብርሃን ያገኘው ይነጣል፣ የተጋረደው ቀለሙን ይዞ ይቀራል። እንደ ጭማቂው ዓይነት ሰዓታትም ሳምንታትም ሊፈጅ ይችላል። ሥዕሉን ከመገርጣት ፈጽሞ የሚያድን መላ ስለሌለ ጨለማ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ የተሠራው በመገርጣት ነውና።

ቀይ ጥቅል ጎመን ደግሞ ሌላ ደስታ አለው። ጭማቂው ኮምጣጤ ሲነካው ሮዝ፣ የመጋገሪያ ሶዳ ሲነካው ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል፤ ከአንድ ዕቃ ሦስት አራት ቀለም ማግኘት ይቻላል። ልጆች አብረውኝ ሲሠሩ ሁልጊዜ ከእሱ እጀምራለሁ።

ስለ ለቀማው አጥብቄ የምለው አለኝ። ከቆመ ዛፍ ቅርፊት አልልጥም፤ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይሞታል። ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ የሚበቅለውን ሊከን የሚባል ሕያው ነገርም አልፍቅም፤ አብዛኛው በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያድገው። የማላውቀውን ተክል፣ በተለይ ነጭ ወተት የሚያወጣውን፣ በእጄ አልነካም። ቀለም የሚፈላበት ድስት ለምግብ አይውልም። የደረቀ ቀለምም ሆነ አሉም ስፈጭ አፍና አፍንጫዬን እሸፍናለሁ።

የማላውቀው ቀለም ሲገጥመኝ ደግሞ ቁራጭ ጨርቅ ነክሬ ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ እሰቅላለሁ። ከሳምንታት በኋላ ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን አያለሁ፤ ለጨርቅ ይሁን ለፀሐይ የምወስነው ያኔ ነው። ቁራጩን ደብተር ላይ ለጥፌ ተክሉን፣ ወሩንና ዝናብ መኖር አለመኖሩን አጠገቡ እጽፋለሁ፤ ያው ዛፍ በክረምትና በበጋ የተለያየ ቀለም ሊሰጥ ይችላል።